ልጅ በፍቺ ጊዜ፦ ርስት ወይስ አደራ

ጋብቻ በፍቺ ሲፈርስ ባልና ሚስት አብረው ያፈሩት የጋራ ሀብት እንዴት ይከፈላል የሚለውና ልጆቹ ከማን ጋር ይኑሩ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ በአንድ ችሎት ተከታትለው ስለሚነሡ፣ ቤቱና መኪናው በተዘረዘሩበት አንደበት የልጁም ስም ይጠራል፤ ተከራካሪዎቹም «ልጄ ይሰጠኝ» ሲሉ የሚጠይቁት ድርሻቸውን ይመስላል። ከዚህ የአነጋገር ልማድ በስተጀርባ ከሕጉ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ወላጅ በልጁ ላይ አለኝ የሚለው ነገር ከምን ይመነጫል የሚለው ነው።

ለጥያቄው መልስ የሚሆኑ ሁለት ቃላት በአማርኛ ውስጥ አሉ። «ርስት» በቀድሞው የመሬት ሥርዓት በትውልድ ሐረግ የሚወረስ ይዞታ ሲሆን፣ ባለመብቱ ዘሩን ቆጥሮ እስካስረዳ ድረስ መሬቱ ለረጅም ዘመን በሌላ እጅ ቢቆይም ይገባኛል ማለት ይችል ነበር፤ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለውም ለዚህ ነው። «አደራ» ግን ሌላው ያስቀመጠውን በታማኝነት ጠብቆ የማስረከብ ግዴታ ነው፤ ተቀባዩ በእጁ ስለገባ ብቻ የራሱ አያደርገውም፣ ያጎደለ እንደሆነም «አደራ በላ» ይባላል፣ ከዚህ የከፋ ስድብም በቋንቋው ጥቂት ነው። ለአማኝ ልጁን በአደራ ያስቀመጠው ፈጣሪ ነው፤ በሃይማኖት ለማይከራከር ሰው ደግሞ አደራውን ነገ የሚረከበው ልጁ ራሱ፣ አድጎ ለአካለ መጠን ሲደርስ ነው ማለት ይቻላል።

በልጅ ይገባኛል ክርክር አዘውትሮ የሚጠቀሰው በአንደኛ መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 3 የተተረከው የሰሎሞን ፍርድ ነው። ንጉሡ ሰይፍ አስመጥቶ ሕያው ሕፃን ለሁለት እንዲከፈል ባዘዘ ጊዜ አንደኛዋ ሴት ልጁ ብቻ ይትረፍ እንጂ ለባላንጣዬ ይሰጥ አለች፣ እናትነቷም በዚሁ ታወቀ። ታሪኩ ወደ ፍቺ ችሎት ሲመጣ ግን አንድ ነገር ይዘነጋል፤ በሰሎሞን ፊት ከቆሙት አንዷ ሐሰተኛ ስትሆን፣ በፍቺ የሚከራከሩት ሁለቱም እውነተኛ ወላጆች ናቸው። ስለዚህ ለልጁ ሰላም ሲል ክርክሩን የተወ ወላጅ በሰሎሞን ፊት ልጁን ባገኘ ነበር፣ በዛሬው ችሎት ግን የሚያጣው እሱ ነው፤ ይህንን የሚያውቁ ወላጆችም እልህ ተጋብተው እስከ መጨረሻው ይጓተታሉ። ሰይፉም ከዳኛው እጅ ወጥቶ በወላጆቹ እጅ ይገባል። ቅዳሜ ጠዋት ጫማው ተወልውሎ፣ ቦርሳውን አዝሎ በር ላይ የቆመ ልጅ «ዛሬ አሞታል» ተብሎ ሲመለስ፣ ወይም እሑድ ማታ ገና ቦርሳውን ሳያወርድ «ስለ እኔ ምን አለች?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ንጉሡ ያላስፈጸመው መክፈል ይፈጸማል።

ቅዱስ ቁርኣን በአል-በቀራ ምዕራፍ 233ኛ አንቀጽ ስለ ጡት ማጥባት ሲደነግግ፣ እናት በልጇ ምክንያት እንዳትጎዳ አባትም በልጁ ምክንያት እንዳይጎዳ ይከለክላል፣ የእናቲቱን ምግብና ልብስ በአባት ላይ ይጥላል፣ ልጁን ከጡት ማስጣልንም ለሁለቱ ምክክርና ስምምነት ይተዋል። የፍቺ ድንጋጌዎች በሚከታተሉበት በዚህ ስፍራ መመካከር መታዘዙ ትልቅ ነገር ነው፤ ባልና ሚስትነት ሲያበቃ አባትና እናትነት እንደማያበቃ ያስረዳልና። ከዚህ አንጻር ቀለብ፣ ማለትም ልጁ አብሮት የማይኖር ወላጅ ለማሳደጊያ የሚከፍለው ገንዘብ፣ የመጎብኘት ዋጋ ሊሆን አይችልም። «ቀለብ ካልከፈለ አያያትም»፣ «ካላየኋት አልከፍልም» የሚባባሉ ወላጆች የልጅቷን ሁለት መብቶች እርስ በርስ እየመነዘሩ ነው፤ አደራ ደግሞ በሁለት ጠባቂዎች መካከል የሚደረግ ንግድ አይደለም።

የኢትዮጵያ ሕግም ወደዚሁ አሳብ ቀስ እያለ ተጉዟል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የልጁን ጥቅም ብቻ መመዘኛ ቢያደርግም፣ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ ከእናቱ ጋር እንዲቆይ ያዝ ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የዕድሜውን ድንበር ትቶ፣ ፍርድ ቤቱ የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም እንዲመዝን አደረገ፤ ተጋቢዎቹ በስምምነት ቢፋቱ እንኳ ስምምነቱ ልጆቹን በበቂ የማይጠብቅ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ጉድለቱን ራሱ ሊያቃና ይችላል። ከሁሉ ይልቅ የርስትን አስተሳሰብ የነቀነቀው ግን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ውሳኔ ነው። ጉዳዩ የፍቺ ባይሆንም፣ በአክስቱ እጅ ያደገን ልጅ አባት ልውሰድ ባለበት ክርክር ችሎቱ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ጠቅሶ የልጁን ጥቅም ከአባትነት መብት አስቀደመ፤ መውለድ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ በዚህ ተነገረ።

የሚቀረው አስቸጋሪ ነገር የልጁ ጥቅም ምን እንደሆነ የሚያውቀው ማን ነው የሚለው ነው። ልጁ ይጠየቅ የሚለው መልስ ትክክል ነው፤ ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በጉዳዩ የመደመጥ መብት ይሰጠዋል። ሆኖም መደመጥና መፍረድ ይለያያሉ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ማንን ይመርጥ እንደሆነ ሲጠየቅ የሚሰማው አንዱን ወላጁን እንዲከዳ እንደታዘዘ ነው። የትኛው ቤት እንቅልፍ እንደሚወስደው፣ ትምህርት ቤት ማን እንደሚያደርሰው፣ ሌሊት ሲያተኩሰው ማን እንደሚነሣለት የሚጠይቅ ዳኛ ግን፣ ማንንም ሳያስመርጠው፣ ሊያውቅ የሚገባውን ከልጁ አፍ ይሰማል።