ምሕረት ነው ወይስ ፍርድ? የተሰናበተ ወታደር አቤቱታ ሲመረመር

ወታደር ከሠራዊቱ በሚለይበት ቀን መሣሪያውን ያስረክባል፥ ልብሱንም ይለውጣል፤ የስንብት ወረቀቱን ግን ይዞት ይሄዳል። ወረቀቱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ተሸክሞት ከኖረው ጠመንጃ ይልቅ የሚከብድበት ሰው አለ። ሥራ ሲለምን አሳይ ይሉታል፤ ታሞ ለወታደሮች ወደ ተሠራው ሐኪም ቤት ሲሄድ አሳይ ይሉታል፤ ሲሞትም ከጓደኞቹ ጋራ በወታደሮች መካነ መቃብር ማረፍ የሚገባው መሆኑና አለመሆኑ የሚታወቀው በዚያው ወረቀት ነው። እንግዲህ በወረቀቱ ላይ ክፉ ቃል የተጻፈበት ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ ነገሬን መርምሩልኝ፥ ስሜንም አንሡልኝ ብሎ ቢያመለክት፥ መርማሪው ምን ይስጠው? ምሕረት ነውን? ወይስ ፍርድ? ጥያቄው የወታደሮች ብቻ ቢመስልም በሰው ስም ላይ ለመወሰን ሥልጣን የተሰጠውን ሁሉ፥ ካህንም ቢሆን ዳኛም ቢሆን፥ የሚነካ ስለ ሆነ በዚህ ነገር ላይ ጥቂት ልንናገር አሰብን።

ነገሩ በግልጥ የሚታየው በአሜሪካ የተባበሩ መንግሥታት ነውና ከዚያ እንነሣለን፤ ዓመቶቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር እንጽፋለን። በዚያ አገር የተራ ወታደር ስንብት አምስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው በክብር መሰናበት ነው። ሁለተኛው ክብር ያልተነፈገው ነገር ግን ጕድለት የተገኘበት፥ ሦስተኛውም ከክብር ውጭ የሆነ ነው። እነዚህ ሦስቱ በአለቆች ትእዛዝ ያለ ችሎት ይሰጣሉ። የቀሩት ሁለቱ፥ ይኸውም የክፉ ጠባይና የውርደት ስንብት የሚባሉት፥ የጦር ፍርድ ቤት ሳይፈርድ አይሰጡም። አንባቢ ይህን ልዩነት በልቡ ይያዝልን። ክብሩን አጥቶ የወጣ ወታደር ሁሉ በዳኛ ፊት ቆሞ የተፈረደበት አይደለም፤ ከክብር ውጭ ወጥቶ ወደ አገሩ ከተመለሰው ውስጥ ምስክር ሲሰማበት፥ ፍርድም ሲነበብበት ያልታየ ብዙ ነው።

በ1944 ዓ.ም. የወጣው ሕግ፥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለሚመለሱ ወታደሮች ትምህርትና መኖሪያ እንዲያገኙ ያሰበው ያው ሕግ፥ የስንብትን ወረቀት የሚመረምር ጉባኤ እንዲቆም አዘዘ። በ1946 ዓ.ም. ደግሞ የወታደርን መዝገብ የሚያርም ሌላ ጉባኤ በሕግ ተፈቀደ። ወታደሩ ከተሰናበተ እስከ 15 ዓመት ድረስ ወደ ፊተኛው ያመለክታል፤ ዘመኑ ካለፈበትም ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። ፊተኛው ጉባኤ ተቀምጦ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው፥ ሰውየው ሲሰናበት ሕጉና ሥርዓቱ ተጠብቆለት ነበርን? ሁለተኛው፥ ሥርዓቱ ተጠብቆ እንኳ ቢሆን ውሳኔው ርትዕ ነበርን? ይህ ሁለተኛው ጥያቄ የሚያስመሰግን ነው። ሕግ ተፈጽሞ ርትዕ ሊጐድል እንደሚችል መንግሥት ራሱ በጽሑፍ ማመኑ ቀላል ነገር አይደለምና።

ነገር ግን ከጥያቄዎቹ በፊት የሚቀመጥ አንድ አሳብ አለ። ጉባኤው ሲጀምር የመንግሥት ሥራ በደንቡ ተሠርቷል ብሎ ይገምታል፤ ይህን ግምት የማፍረስ ሸክም በአመልካቹ ላይ ነው። ለዳኝነት እንዲህ ያለ ግምት እንደሚያስፈልግ አንክድም፤ ያለ እርሱ የተዘጋ ነገር ሁሉ በየቀኑ ይከፈት ነበር። ሆኖም በ1973 ዓ.ም. በሴንት ሉዊስ ከተማ የወታደሮች መዝገብ የሚጠበቅበት ቤት ተቃጥሎ ከ16 ሚሊዮን የማያንስ መዝገብ ጠፍቷል፤ ከ1912 እስከ 1960 ዓ.ም. ከምድር ጦር ከተሰናበቱት ሰዎች መዝገብ ከመቶው 80 ያህሉ በዚያ እሳት አለቀ። መዝገቡን የጻፈው መንግሥት፥ የጠበቀውም መንግሥት፥ ያቃጠለው እሳት ነው፤ አስረዳ የሚባለው ግን ሽማግሌው ወታደር ነው። እኛስ የምንለው፥ ያለ ችሎት የተሰናበተ ሰው ይህን ሸክም ሙሉውን ሊሸከም አይገባውም ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ተጠይቆ ያልመለሰ ሰው በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ተሸናፊ ሆኖ ሊቀርብ አይገባም።

አሁን ወደ ተነሣንበት እንመለስ። ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ነገር ሁለት ሥራ ለይታ ታውቃለች። በድሎ የተገዘተ ሰው ንስሐ ሲገባ ግዝቱ ይፈታለታል፤ ይህ ምሕረት ነው፤ በደሉ በደል እንደ ነበረ ይቀራል፥ እርሱ ግን ይመለሳል። ሳይበድል የተገዘተ ሰው ግን የሚፈታለት ነገር የለውም፤ መመለስ ያለበት የገዘተው ነው። ዲድስቅልያም ኤጲስ ቆጶሱን በሁለቱም በኩል ያስጠነቅቀዋል፤ ንስሐ የገባውን እንዲቀበል ያዝዘዋል፥ ንጹሑን ከማኅበር እንዳያወጣም አጥብቆ ይከለክለዋል። ሁለቱ ሥራዎች ከውጭ ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ፤ በሁለቱም በር ይከፈታል፥ በሁለቱም የወጣው ይገባል። ለንጹሑ ሰው ምሐርንህ ማለት ግን ክሱን ሁለተኛ ጊዜ ማንበብ ነው።

ይህን የሚያስረዳ ታሪክ በ1906 ዓ.ም. በቴክሳስ አገር ብራውንስቪል በምትባል ከተማ ሆነ። በዚያ 25ኛው የእግረኛ ጦር የሚባለው የጥቁሮች ጭፍራ ሦስት ሻምበል ሰፍሮ ነበር፤ የከተማው ነጮችም በመምጣቱ ደስ አላላቸውም። በነሐሴ ወር አንድ ሌሊት በከተማው ውስጥ ተኵስ ተሰማ፤ አንድ የመጠጥ ቤት አሳላፊ ሞተ፥ አንድ የፖሊስ ሹምም ቈሰለ። ነጮቹ የጦር አለቆች ወታደሮቻቸው በሰፈራቸው እንደ ነበሩ ተናገሩ። በቴክሳስም ጉዳዩን ያዩት ሰዎች አንድም ወታደር ሊከሱ አልቻሉም። ስለዚህ ወታደሮቹ ተሰብስበው ጥፋተኞቹን አውጡ ተባሉ፤ ሁሉም አናውቅም አሉ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትም ይህ ዝምታ ምክር ነው ብሎ 167 ሰዎች ያለ ክብር እንዲሰናበቱ፥ ወደ መንግሥት ሥራም ዳግመኛ እንዳይገቡ አዘዘ። ከነርሱ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ያገለገሉ ነበሩ። የጦር ፍርድ ቤት አልተቀመጠም፤ አንድ ሰው እንኳ በስሙ ተከሶ አልቀረበም።

የማያውቅ ሰውና የሚሰውር ሰው ሲጠየቁ የሚመልሱት ቃል አንድ ነው፤ ሁለቱም አላውቅም ይላሉ። ዳኛ የሚያስፈልገውም ሁለቱን እንዲለይ ነው። መለየት ባይችል ሁለቱን በአንድነት ሊቀጣ አይገባውም፤ እንዲህ ካደረገ ፍርዱን ትቶ በቍጣው ሠርቷል። የኦሃዮው ተወካይ ፎሬከር በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ስለ ነዚህ ሰዎች ብዙ ተከራከረ። በመጨረሻ የተፈቀደላቸው ግን እንግዳ ነገር ነበረ፤ ከዚያ በኋላ በተሰየመው የመኰንኖች ጉባኤ ፊት ብቁነቱን ላስረዳ ወደ ጦሩ መመለስ ተፈቀደለት፤ በ1910 ዓ.ም. 14 ሰዎች ብቻ ተመረጡ። ልብ እንበል፤ የከሰሳቸው ማስረጃ አላመጣም፥ ማስረጃ የተጠየቀው ከተከሰሱት ነው። ያገኙትም ፍርድ ሳይሆን ችሮታ ነበረ።

ዕውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚል ተረት አለን፤ እንወደዋለንም። ነገር ግን ንጋት ማንም ሳይነካው በራሱ ይጠራል፤ በመዝገብ ቤት የተዘጋ ዕውነት ግን የሚያነሣው ሰው ካልመጣ መቶ ዓመት ቢያድር አይጠራም። የብራውንስቪልን ነገር ጆን ዊቨር የሚባል ጸሓፊ በ1970 ዓ.ም. መጽሐፍ አድርጎ አወጣው፤ ሆኪንስ የሚባል የምክር ቤት አባልም ጥያቄውን አነሣ። በ1972 ዓ.ም. የምድር ጦሩ ሚኒስትር የ1906ቱን ውሳኔ ሽሮ ሁሉም በክብር እንደ ተሰናበቱ እንዲጻፍ አዘዘ። ይህ መዝገብን ማረም ነው እንጂ ምሕረት አይባልም፤ የተማረ የለም፥ በደለኛ አልነበረምና።

ይሁን እንጂ አመልካች ሁሉ እንደ ብራውንስቪል ሰዎች ንጹሕ አይደለም፤ አስቸጋሪውም ነገር እዚህ ላይ ነው። በቬትናም ከተዋጉት ውስጥ ከሰፈሩ ጠፍቶ የሄደ፥ በመጠጥና በዕፅ የወደቀ፥ አለቃውን የተሳደበ ብዙ ነበረ፤ በዚህም ምክንያት ክብሩን አጥቶ ተሰናበተ። ጦርነት በሰው አእምሮ ውስጥ የሚተወውን ቍስል የአሜሪካ ሐኪሞች ዛሬ በሚታወቅበት ስሙ ከበሽታዎች መዝገብ ያገቡት በ1980 ዓ.ም. ነው። አለቃው ስንፍና ያለውን ከብዙ ዓመት በኋላ ሐኪሙ ሕመም አለው። በ2014 ዓ.ም. የመከላከያ ሚኒስትሩ ቸክ ሄግል መርማሪዎቹ እንዲህ ያለውን አቤቱታ በሰፊ ልብ እንዲመለከቱ አዘዘ። ይህ ከሁለቱ ከየትኛው ይቈጠር? ሰውየው ሠርቶታል፤ ስለዚህ መዝገቡ ሐሰት አልጻፈም። ነገር ግን የሠራበትን ምክንያት ፈራጁ አላወቀም፤ ስለዚህ ፍርዱ ሙሉ አልነበረም። ለእኛ እንደሚመስለን ይህ ወደ ፍርድ የቀረበ ነው። ሐኪም የደበቀውን ሳይሆን ገና ያላወቀውን በሽታ በሽተኛው ባለመናገሩ አይወቀስም።

ሦስተኛም ዐይነት አለ። ንጹሕም አይደለም፥ ታሞም አልነበረም፤ በጕልማስነቱ በድሎ ተሰናበተ፥ ከዚያ በኋላ ግን 30 ዓመት በደግ ኖረ፥ ልጆቹን አሳደገ፥ ጐረቤቱን ጠቀመ። በ2018 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ መርማሪዎቹ ይህን ደግሞ እንዲያዩ፥ ቅጣቱም ከጥፋቱ እንዳይረዝም እንዲመለከቱ ፈቅዷል። እነሆ፥ ይህ በእውነት ምሕረት ነው፤ ምሕረትም ተብሎ ሊሰጥ ይገባዋል።

በዚህ ጊዜ ሌላው ወታደር ይናገራል፤ ዝም እንዲል ልናደርገውም አይገባንም። እኔ በዚያው ጕድጓድ ውስጥ ነበርሁ፥ እኔም ፈርቼ ነበር፥ ነገር ግን አልሸሸሁም፤ እርሱ በሸሸበት ሌሊት የእርሱን ጥበቃ የቆምሁት እኔ ነኝ፤ አሁን ወረቀታችን አንድ ከሆነ የእኔ ምን ሆነ? ይላል። ብዙ ሰው ይህን ሰው እንደ ጠፋው ልጅ ታላቅ ወንድም ቈጥሮ ቅናተኛ ይለዋል። እኛ ግን ግማሹ ክርክሩ እውነት ነው እንላለን። አባትየው ለጠፋው ልጅ በዓል ሲያደርግ ልጁ እንደ ጠፋ አልካደም፤ እንዲያውም የደስታው ምክንያት ያው ነበረ። ታላቁ ወንድም በትክክል የሚበደለው፥ ወንድምህ ከቶ ከቤት አልወጣም ተብሎ የተጻፈ ጊዜ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ካርተር ከቬትናም ዘመን ለተሰናበቱት ልዩ ምርመራ አዝዞ የብዙ ሰው ወረቀት በሰፊ ደንብ ከፍ አለ። የሕግ ምክር ቤቱ ግን በዚያው ዓመት ሕግ አውጥቶ፥ የእያንዳንዱ ሰው ነገር ለሁሉ በሚሆን ደንብ እንደ ገና ሳይመረመር የወታደር መብት እንዳይከፈለው ከለከለ። ምክር ቤቱን ጨካኝ ያሉት ነበሩ፤ እኛ ግን የፈረድንበት በግማሽ ነው። በጅምላ የተሰጠ ክብር የሚቀበለውን ሰው ፊት አላየም፤ በብራውንስቪልም በጅምላ የተሰጠው ውርደት ፊት አላየም ነበር።

ስለዚህ መርማሪዎቹ አቤቱታውን ሲቀበሉ አስቀድመው ለልባቸው የሚጠይቁት፥ እዚህ ላይ የተሳሳተ ማን ነው? የሚለውን ቢሆን እንወድ ነበር። መንግሥት ተሳስቶ እንደ ሆነ ስሕተቱን ይጻፉ፥ ሰውየውንም ይቅርታ እንዲለምን አያድርጉት። ሰውየው በድሎ እንደ ሆነ ግን ምሕረቱን በስሙ ጠርተው ይስጡት። አመልካቹም ብዙ ጊዜ አይለየውም፤ ድኻ ነው፥ ጠበቃም የለውም፤ ቢምሩኝ ይሻላል ብሎ ያልሠራውን በደል አምኖ የሚጽፍ ይኖራል። ይህን ማቃናት የመርማሪው ሥራ ነው።

ከ167ቱ አንዱ ዶርሲ ዊሊስ ሲሰናበት የ20 ዓመት ጕልማሳ ነበረ። ከዚያ በኋላ በሚኒያፖሊስ ከተማ በጠጕር ማስተካከያ ቤት ውስጥ ከ50 ዓመት በላይ ጫማ ሲጠርግ ኖረ። የ1972ቱ ትእዛዝ ስሙን መለሰለት፤ ለቀረበት ደመወዝ ግን ምንም አልመለሰለትም። 25,000 ዶላር እንዲሰጠው የተወሰነው ከዚያ በኋላ በሌላ ሕግ ነው። በክብር መሰናበቱን የሚናገረውን ወረቀት የተቀበለው በ1973 ዓ.ም.፥ 87 ዓመት በሞላው ጊዜ ነው። ከአራት ዓመት በኋላም ሞተ።