ገደ ቢስ ነኝ ለምትሉ የጎብዬ ክርስቲያኖች

በራያ፣ በጎብዬና በዙሪያዋ ለምትኖሩ፣ በክርስቶስ ስም ተጠምቃችሁ ማተብ ላሰራችሁ ሁሉ ይህን እጽፋለሁ። ላባብላችሁ አይደለም። ማባበሉ በዝቶ ነው እዚህ የደረስነው።

«እኔ ገደ ቢስ ነኝ» ትላላችሁ። «የኛ ዘር አይከናወንለትም፣ እጄ የነካው አይባረክም» ትላላችሁ። የሰማችሁ ሁሉ ከንፈሩን ይመጥላችኋል፤ እናንተም ትሑት የሆናችሁ ይመስላችኋል። ይህ ትሕትና አይደለም። ትሑት ሰው እግዚአብሔር ሲናገር አሜን ብሎ ይቀበላል። እናንተ ግን በአርአያው እንደ ፈጠራችሁ፣ በልጁ ደም እንደ ገዛችሁ እየነገራችሁ «የለም፣ እኛስ ከንቱ ነን» ብላችሁ ትመልሱለታላችሁ። ፈጣሪን ማስተባበል ኃጢአት ነው፤ ኃጢአት ደግሞ በንስሐ እንጂ በከንፈር መጠጣ አይለቅም።

ጌዴዎንን ተመልከቱ። ምድያማውያን 7 ዓመት ሙሉ እንደ አንበጣ እየፈሰሱ የእስራኤልን እህልና ከብት ሲያጠፉ፣ እርሱ አውድማ ላይ መውጣት ፈርቶ በወይን መጥመቂያው ጉድጓድ ውስጥ ተደብቆ ስንዴውን ይወቃ ነበር። የራያ ሰው ይህን ታሪክ ማንም ሳያብራራለት ይገባዋል። በ2013 ጥቅምት፣ አዝመራው ሊታጨድ ሲል አንበጣው ወረደበት። ዓመት ሳይሞላ ጦርነቱ ደረሰ፤ በነሐሴ 2014 ደግሞ ተመልሶ መጣ። እህሉን የደበቀ፣ ልጁን የደበቀ፣ ራሱን የደበቀ ስንቱ ነው! በዚያ ፍርሃት አልወቅሳችሁም። የምወቅሰው ያ ቀን ካለፈ በኋላም ከጉድጓዱ አልወጣም ያለውን ልብ ነው።

የእግዚአብሔር መልአክ ጌዴዎንን ኃያል ብሎ ሲጠራው አንድም ጀብዱ አልሠራም ነበር። እርሱም ወገኑ ከነገዱ ሁሉ ደካማ፣ ራሱም ከአባቱ ቤት የመጨረሻው እንደ ሆነ መለሰ። የእናንተው ንግግር ነው። ታዲያ ወደ ጦርነት ከመላኩ በፊት እግዚአብሔር በዚያችው ሌሊት ምን አዘዘው? የአባቱን የበኣል መሠዊያ እንዲያፈርስ። ራሱን የናቀ ሰው ቤት የባዕድ መሠዊያ አይታጣምና ከዚያ ጀመረ። ጌዴዎን ቤተሰቡንና የከተማውን ሰው ስለ ፈራ በቀን አልደፈረም፤ 10 ሰዎች ይዞ በሌሊት አፈረሰው። እየፈራም ታዘዘ። ከእናንተም ከዚህ የበለጠ አልተጠየቀም።

የእናንተ መሠዊያ የት እንዳለ ታውቁታላችሁ። ልጅ ሲታመም ወይም ላም ስትነጥፍ፣ ማተብ ያሰረች እናት ሲመሽ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ገብስማ ዶሮ በብብቷ ሸጉጣ፣ ጎረቤት እንዳያያት በጓሮ ዞራ ጠንቋይ ቤት ትገባለች። ዶሮው በልጁ ራስ ላይ ይዞራል፤ ይታረዳል፤ ይጣላል። እሑድ ያቺው እናት ቅዳሴ ቆማለች። አንዷን ስጠይቃት «ምን ላድርግ አባ፣ የኔን ጸሎት ማን ሊሰማው ብዬ እኮ ነው» አለችኝ። ሥሩ እዚህ ላይ ነው! አምላኬ እኔን አይሰማኝም ያለች ነፍስ የሚሰማት ፍለጋ ባዕድ ደጅ ትጠናለች። ለታመመ ልጅ ጸበል አለ፣ ጤና ጣቢያም አለ፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው። ለጠንቋዩ የቀረ ድርሻ የለም።

ገበሬዎች ናችሁና አቀንጭራን ታውቁታላችሁ። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆያል። የሚነቃው የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ነገር ሲደርሰው ነው፤ ሐምራዊ አበባው ከመሬት በላይ እስኪታይ ድረስ ማሽላው ከሥሩ ተመጥጧል። በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አወጡ፤ ከዝርያዎቹም አንዱ ጎብዬ ይባላል። የዚህ ማሽላ ሥር ያንን መቀስቀሻ እምብዛም ስለማይሰጥ የአቀንጭራው ዘር እዚያው አጠገቡ ሳይነቃ ይቀራል። የጠንቋይ ቃልም በየመንደሩ ተዘርቷል። የሚቀሰቅሰው «እኔ ከንቱ ነኝ» ማለታችሁ ነው።

ሳኦልም እንደ ጌዴዎን ነበር የተናገረው፤ ነገዴ ታናሽ፣ ወገኔም የመጨረሻ ነው ብሏል። ሊያነግሡት ሲፈልጉት በዕቃ መካከል ተደብቆ ተገኘ። ነገሠ፤ ጠንቋዮችንም ከምድሩ አባረረ። ግን ያ ትንሽ ልቡ አልተፈወሰም። ሕዝቡን ፈርቶ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ተላለፈ፤ በመጨረሻም ልብሱን ለውጦ፣ በሌሊት፣ ራሱ ባሳደዳቸው በመናፍስት ጠሪዎች ደጅ ዓይንዶር ላይ ወደቀ። በማግሥቱ ሞተ። ሁለቱም ራሳቸውን ንቀው ነበር፤ አንዱ መሠዊያ አፈረሰ፣ አንዱ ጠንቋይ ቤት ሄደ።

እናንተ ወጣቶች፣ ለደላላ ብር የምታጠራቅሙ! እንጀራ ፍለጋ መሰደድን ኃጢአት ነው አልልም፤ ያዕቆብም ከነልጆቹ በረሃብ ግብፅ ወርዷል። ነገር ግን «እዚህ ሰው አልሆንም፣ በኦቦክ በረሃ ብቀርም፣ ባሕር ቢበላኝም ማን ይጎዳል» ማለታችሁን ሰምቻለሁ። ነፍሳችሁን እንዲህ አድርጋችሁ የምታራክሱት ማን ፈቅዶላችሁ ነው? የተገዛችው በክርስቶስ ደም ነው። የምትሄዱም የምትቀሩም፣ ስለዚህ ቃል ብቻ እንኳ ነፍስ አባታችሁ ፊት ቀርባችሁ ተናዘዙ።

ጌዴዎን ካሸነፈ በኋላ ከምርኮው ወርቅ ኤፉድ ሠርቶ ለቤቱና ለእስራኤል ወጥመድ ሆነ። ይህን የማነሣው ለእናንተ ነው፣ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ተቀምጣችሁ ክታብ እየጻፋችሁ ለምትሸጡ፣ ኮከብ ለምትቆጥሩ። ገደ ቢስ ነኝ ብሎ የመጣውን ምስኪን እውነት ነው እያላችሁ አንገቱ ላይ ቆዳ ታስራላችሁ። ያችን እናት ወደ ጓሮው መንገድ የመራችኋት እናንተ ናችሁ። ብራናችሁን አቃጥሉ፣ የተቀበላችሁትን ገንዘብ መልሱ፤ ሕዝቡን ንስሐ ግባ ከማለታችሁ በፊት እናንተ ቅደሙ።