በጉባኤ ማመስገንና መንፈሳዊ ደስታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ጥር 10 ቀን፣ የከተራ ዕለት፣ ታቦቱ ከመንበሩ ተነሥቶ ከቅጽሩ ሲወጣ የሚሰማውን ድምፅ ሁላችንም እናውቀዋለን። ደወሉ ይደወላል፤ ከበሮው ይመታል፤ ጸናጽሉ ይንሿሿል፤ የእናቶቻችን እልልታ ከዚያ ሁሉ በላይ ይሰማል። አቃቂ ቃሊቲ የፋብሪካና የከባድ መኪና አገር ነው። በሌላው ቀን በአስፋልቱ ዳር የሚሰማው የሞተር ጩኸትና የጡሩምባ ድምፅ ነው። በዚያ ቀን ግን መኪናው ቆሞ ሰው ያልፋል። ከሌሊት ፈረቃ የወጣው ሠራተኛ ሳይተኛ ይመጣል። ከመርካቶና ከአራት ኪሎ አካባቢ ተነሥተን ወደ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የገባን ቤተሰቦች፣ በአንድ ደረጃ እየወጣንና እየወረድን ስም ሳንጠያየቅ የከረምን ጎረቤታሞች፣ የአንድ አጥቢያ ልጆች መሆናችንን ያወቅነው በዚያ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ስንዘምር ነው።

በዓለ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ደስ ብሎናል። ነገር ግን በዓሉ ለእኛ ቅርስ ከመሆኑ በፊት አምልኮ ነው። ስለዚህ በዚህች አጭር ጽሑፍ ሦስት ጥያቄዎችን እንመርምር። አምልኮታችን በጉባኤ የሆነው ለምንድን ነው? መንፈሳዊ ደስታ ከሌላው ደስታ በምን ይለያል? ያዘነ ሰውስ በዚህ በሚደሰት ጉባኤ መካከል ምን ቦታ አለው? ሦስተኛውን ጥያቄ የጻፍነው ባለፈው ዓመት ባጠፋነው ጥፋት ምክንያት ስለሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

1ኛ/ አምልኮታችን በጉባኤ የሆነው ለምንድን ነው?

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት አንድ ካህን ምንም ያህል ሊቅና ቅዱስ ቢሆን ብቻውን አይቀድስም። ቢያንስ አምስት ልዑካን፣ ይኸውም ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት፣ ያስፈልጋሉ። አምስቱም ተሟልተው ሕዝቡ ዝም ካለ ቅዳሴው ጎደሎ ይሆናል። ካህኑ የሚለው አለ፤ ዲያቆኑ የሚለው አለ፤ ሕዝቡም የሚለው አለ። የሕዝቡን ድርሻ ካህኑ ቢወስደው ያስነቅፈዋል። እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ በቅዳሴ ጊዜ አፋችንን ዘግተን ስንቆም የራሳችንን ድርሻ ለማን ትተን ነው?

አባታችን ቅዱስ ያሬድንም እናስታውስ። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም የነበረው ይህ ሊቅ ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን ዘንድ እንደ ሸሸና በዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ ደጋግማ እየወደቀች በሰባተኛው የወጣችውን ትል አይቶ እንደ ተመለሰ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ከዚህ ያነሰ የምናስበው ግን ዜማውን ያገኘበት መንገድ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚነግረን ከኤዶም ገነት በመጡ ሦስት አዕዋፍ ተጠርቶ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ተነጥቆ ሃያ አራቱ ካህናተ ሰማይ በአንድነት ሲያመሰግኑ ሰማ። ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ ዜማዎች በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ የሚመሰሉ ናቸው። ያሬድ የሰማው የአንድን ዘማሪ ድምፅ ሳይሆን የማኅበርን ድምፅ መሆኑን ልብ እንበል።

ማኅሌቱን ቆሞ ያየ ሰው ይህን ይረዳል። ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተከፍለው ይቆማሉ፤ አንዱ ወገን ያነሣውን ሌላው ይቀበለዋል። መጀመሪያ ያለ መሣሪያ በቁም ዜማ ይባላል። ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል። ከዚያ በኋላ በመረግድ ከበሮው ቀስ ብሎ ይገባል። በመጨረሻ በጽፋት ጭብጨባው ተጨምሮ ይፈጥናል። ስለዚህ ደስታው ከላይ አይጀምርም፤ በደረጃ ይወጣል። ገና ቁም ዜማው ላይ ያለውን ጥሎ ወደ ጽፋት የሚሮጥ የለም።

2ኛ/ መንፈሳዊ ደስታ ከሌላው ደስታ በምን ይለያል?

ደስታማ በስታዲየምም አለ፤ በሠርግ ቤትም አለ። መዝሙረ ዳዊት 150 መለከቱን፣ በገናውን፣ ከበሮውንና ጸናጽሉን ለምስጋና ይጠራቸዋል፤ በመጨረሻ ግን ከመሣሪያዎቹ ሁሉ አልፎ የሚተነፍሰውን ፍጥረት ይጋብዛል። ልዩነቱ እንግዲህ በመሣሪያው ላይ አይደለም።

የመጀመሪያው ልዩነት መንፈሳዊ ደስታ ከመስቀሉ የማይለይ መሆኑ ነው። አባቶቻችን ስለ ከበሮው የሚያስተምሩንን እንመልከት። ሰፊው አፉ የመለኮቱ፣ ጠባቡ የትስብእቱ ምሳሌ ነው። በዙሪያው የተጠላለፈው ጠፍር በጅራፍ የተገረፈው የሰውነቱ ሰንበር ምሳሌ ነው። በአንገት የሚገባው ማንገቻም የተጎተተበትን ገመድ ያሳስባል። መቋሚያውም መስቀሉን ያመለክታል። እንግዲህ የደስታችን ድምፅ ሁሉ የሚወጣው ከመከራው ምሳሌ ውስጥ ነው። ይህን የሚያውቅ ዘማሪ ከበሮ ሲያነሣ ለመታየት አያነሣም።

ሁለተኛው ልዩነት መንፈሳዊ ደስታ ዝም ማለትን የሚያውቅ መሆኑ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮውና ጸናጽሉ ይቀመጣሉ፤ ጾመ ድጓው በመቋሚያ ብቻ ይዘመማል። በትንሣኤ ሌሊት ከበሮው ሲመለስ ልባችን የሚመታው ሳምንታት ሙሉ ስለ ናፈቅነው ነው። ዝምታ የማያውቅ ደስታ ግን ጩኸት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛው ልዩነት መንፈሳዊ ደስታ የሚገቡበት እንጂ በመስኮት የሚያዩት አለመሆኑ ነው። ዳዊት በታቦቱ ፊት በሙሉ ኃይሉ ሲያሸበሽብ የሳኦል ልጅ ሜልኮል በመስኮት ሆና አይታ በልቧ ናቀችው (2 ሳሙ. 6፥16)። ከመስኮት ሆኖ የሚያይ ሰው የእጅና የእግር እንቅስቃሴ ያያል፤ የልብ ነገር ግን አይታየውም። ዛሬ የእያንዳንዳችን መስኮት በኪሳችን አለ። ታቦቱ በፊታችን ሲያልፍ ስልካችንን አንሥተን ስንቀርጽ እጃችን አያጨበጭብም፤ ቀርጸን ስንጨርስ ታቦቱ አልፏል።

በ2012 ዓ.ም. የደረሰብንን አንርሳ። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የሰሙነ ሕማማቱ አገልግሎት በጥቂት አገልጋዮች ተፈጽሞ፣ እኛ ምእመናን ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን የትንሣኤ በዓል በየቤታችን አከበርን። በቴሌቪዥን የሰማነው ዜማ ያማረ ነበር። እግዚአብሔርም በቤታችን የጸለይነውን አልናቀም። ሆኖም ያን ሌሊት ብዙዎቻችን አለቀስን። የጎደለን ድምፅ አልነበረም። የጎደለን አጠገባችን ቆሞ ጧፉን ከጧፋችን የሚያበራው ሰው ነበር። በሮቹ ከተከፈቱ በኋላ ግን አንዳንዶቻችን እስከ ዛሬ አልተመለስንም፤ ቤት ተቀምጦ ማየቱን ለመድነው። ለችግር ጊዜ የተሰጠውን ፈቃድ ለስንፍናችን ማድረግ አይገባንም።

3ኛ/ ያዘነ ሰው በሚደሰት ጉባኤ መካከል ምን ቦታ አለው?

አሁን ወደ ጥፋታችን እንመለስ። የምንጽፈው ባለጉዳይዋ እኅታችን ፈቅዳልን ነው።

ባለፈው ዓመት ለጥምቀት ስንለማመድ ከመዘምራኑ አንዲቱ እኅታችን አልነበረችም። እናቷ በጥቅምት ወር ዐርፈዋል። ለቅሶ ደርሰናል፤ በአርባው ዕለትም ተገኝተናል። ከዚያ በኋላ ግን ማንም አልጠየቃትም። ልምምዱ ደስ የሚል ነበር፤ ሳቅ ነበረ፤ ድምፃችንም ሰምሮ ነበር። በከተራ ዋዜማ የመዝሙር ልብስ ሲታደል አንድ ልብስ ተረፈ። «የማን ነው?» ተባለ። «የእርሷ ነው፤ ቀርታለች» ብለን ለሌላ ሰጠነው። የጎደለውን ልብስ ብንፈልግ ኖሮ ያን ዕለት ቤቷ እንሄድ ነበር፤ ልብስ ስለ ተረፈን ግን ዝም አልን።

በማግሥቱ ከታቦቱ ፊት ፊት እየዘመርን ስንሄድ ጥቁር ለብሳ ከአስፋልቱ ዳር ቆማ አየናት። ከመካከላችን አንዱ ወጥቶ «ነይ እንጂ!» አላት። እርሷም «ሐዘን ላይ ሆኜ እልል ብል ሰው ምን ይለኛል? ዝም ብዬ በመካከላችሁ ብሄድ ደግሞ ሰልፉን አበላሻለሁ» አለች። እኛ የምንመልሰው አጣን፤ መዝሙሩም እየሄደ ነበር። በዚህ ጊዜ ከኋላ ይመጡ የነበሩ አንዲት እናት እጇን ያዙና «ልጄ፣ አንቺ ዝም በይ፤ እነሱ ይዘምሩልሽ። ከእኔ ጋር ግን ሂጂ» አሏት። እስከ ባሕረ ጥምቀቱ ድረስ ዝም ብላ ሄደች። እስከ ፋሲካም ድረስ ከኋላችን ትቆም ነበር እንጂ አልዘመረችም፤ «ዘምሪ» ያላትም አልነበረም። ዛሬ አብራን ትዘምራለች።

እኒያ እናት በአንድ ቃል ያስተማሩንን እኛ ከመጻሕፍት በኋላ አገኘነው። እስራኤል ከባቢሎን ምርኮ ተመልሰው የቤተ መቅደሱን መሠረት በጣሉ ጊዜ ወጣቶቹ በደስታ ጮኹ። የፊተኛውን ቤተ መቅደስ ያዩት ሽማግሌዎች ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ። የደስታው ድምፅና የልቅሶው ድምፅ ተቀላቅሎ ሕዝቡ መለየት አልቻለም (ዕዝ. 3፥12-13)። ማንም አልቃሾቹን «በዓላችንን አታበላሹ» ብሎ አላስወጣቸውም። ሁለቱም ድምፅ በአንድነት ወደ እግዚአብሔር ወጣ።

በነህምያ ዘመንም ሕዝቡ የሕጉን ቃል ሰምቶ ባለቀሰ ጊዜ መሪዎቹ አጽናኑት፤ በእግዚአብሔር ደስ መሰኘት ብርታት እንደሚሆነው ነገሩት፤ ምንም ላላዘጋጀውም ሰው ከማዕዳቸው ድርሻ እንዲልኩለት አዘዙ (ነህ. 8፥9-12)። እዚህ ላይ ልብ እንበል። ደስታው የታዘዘው ከድርሻው ጋር ነው። ለሌለው ያልተላከ ደስታ አልተፈጸመም። ይህ ድርሻ እንጀራ ብቻ አይደለም። ድምፅ ላጣ ድምፃችንን፣ ብቻውን ለቆመ ትከሻችንን መስጠትም ድርሻ መላክ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ከሚደሰቱ ጋር መደሰትንና ከሚያለቅሱ ጋር ማልቀስን በአንድ ቦታ አዘዘን (ሮሜ 12፥15)፤ አንዱን መርጠን ሌላውን እንድንተው አልፈቀደልንም።

ስለዚህ ያዘነ ሰው በጉባኤው ውስጥ ሙሉ ቦታ አለው። ደስታችን የጉባኤ የሆነበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። ለብቻው የሚዘምር ሰው ልቡ በተሰበረ ቀን መዝሙሩ ይቋረጣል። በማኅበር የሚዘምር ግን እርሱ ዝም ባለ ቀን ወንድሙ ያነሣዋል፤ ወንድሙ ዝም ባለ ቀን ደግሞ እርሱ ያነሣለታል። በዚህ መንገድ ምስጋናው ሳይቋረጥ ይኖራል።

4ኛ/ እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሀ/ በልምምድም ሆነ በጉባኤ አንድ አባል ሁለት ሳምንት ከቀረ በሦስተኛው ሳምንት ቤቱ እንሂድ። ስልክ መደወል ጥሩ ነው፤ በር ማንኳኳት ግን ይበልጣል።

ለ/ ከፋብሪካ ፈረቃ ወጥተው ዘግይተው የሚመጡትን በዓይናችን አንገሥጻቸው። እንቅልፋቸውን ትተው የመጡ ናቸውና ቦታ እንልቀቅላቸው።

ሐ/ የመዝሙር ተራችን ሲያልቅ ከቅጽሩ አንውጣ። የቅዳሴውን ተሰጥዎ እንማር፤ ሕዝቡ የሚለውን ከሕዝቡ ጋር እንበል።

መ/ ታቦት ሲያልፍ ስልካችን ከኪሳችን አይውጣ።

ሠ/ በበዓል ቀን ከድፎ ዳቦው በፊት በደረጃችን ላይ ብቻውን የሚውል ሰው እንዳለ እንጠይቅ።

ረ/ ሐዘንተኛ አባል ጥቁሩን እንደ ለበሰ በመካከላችን ይሂድ። ነጭ ልብስ ለብሰን የጎደለን ወንድም ወይም እኅት ካለ ሰልፋችን ያማረ መስሎ ቢታይም አላማረም።

የጠፋውን በግ ያገኘው እረኛ ብቻውን ደስ አላለውም፤ ወዳጆቹንና ጎረቤቶቹን ጠራ (ሉቃ. 15፥6)። በዚያው ምዕራፍ የታላቁ ወንድም ቁጣም ተጽፏል፤ የዘፈንና የማሸብሸብ ድምፅ ሰምቶ በደጅ ቀረ። አባቱ ግን ግብዣው ተጀምሯል ብሎ አልተወውም፤ ወደ ደጅ ወጥቶ ለመነው። እኛም እልል ስንል በደጅ የቀረ እንዳለ ወጥተን እንይ።

የድንግል ማርያም ልጅ፣ በቃና ዘገሊላ ሠርግ ተገኝቶ የጎደለውን የሞላ፣ በአልዓዛርም መቃብር ያለቀሰ ጌታችን፣ ደስታችንን የጋራ ያድርግልን። ለዘመሩት ጽናትን፣ ዝም ላሉት መጽናናትን ይስጥልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።