የደረቀው ዛፍ የማን ነው?

የደረቀ ዛፍ የማን ነው ቢሉን «የባለ መሬቱ» ብለን እንመልሳለን።

በሰሜን አሜሪካ የምትገኘው የኢንዲያና የሌሊት ወፍ እ.ኤ.አ. በ1967 ለመጥፋት ከተቃረቡት ፍጥረታት መካከል ተመዝግባለች። በዓመት አንድ ልጅ ብቻ ትወልዳለች፤ እርሱንም በበጋ በደረቀ ዛፍ ቅርፊት ሥር ታሳድጋለች። ሌሊት የእሳት እራትንና ሌሎች በራሪ ነፍሳትን ልታድን ትወጣለች፤ ነገር ግን ልጇን ለማጥባት ደጋግማ ስለምትመለስ እንደ ልቧ ርቃ አትሄድም። ያን ጊዜ ዛፉ ቢቈረጥ ገና መብረር ያልቻለው ልጅ አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

በብርዱ ወራት ግን የሌሊት ወፎቹ በዋሻ ያንቀላፋሉ። ባለ መሬቱ ዛፉን ፈጽሞ ሊተወው ባይችል እንኳ እስከዚያ መታገሥ ይችላል። ስለዚህ «ዛፉ የእኔ ነውን?» ብቻ ሳይሆን «አሁን ብቈርጠው በማን ላይ ይወድቃል?» ብሎ መጠየቅ የኅሊና ግዴታ ነው።