የተሰወረውን ስለ መመርመር

ሰው በፍጥረት ውስጥ የተሰወረውን እየገለጠ ማየቱ ይገባዋልን፥ ወይስ ድፍረት ይሆንበታል? ይህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ሲጠየቅ የኖረ ነው። በዘመናችንም የሥነ ፍጥረት መርማሪዎች በእንስሳ ሰውነት ውስጥ ካለው ረቂቅ ጽሕፈት በላይ ሌላ ረቂቅ ምልክት እንዳለ ባስታወቁ ጊዜ ጥያቄው እንደ ገና ተነሥቷል። እኛም የፓዌን ገበሬና የበሬውን ነገር ምስክር አድርገን ጉዳዩን እንደ አቅማችን ለመመርመር እንወዳለን።

አስቀድሞ ነገሩ ምን እንደ ሆነ መናገር ይገባል። ሕያው በሆነ ፍጥረት ሁሉ ሰውነት ውስጥ ዲ ኤን ኤ የሚባል ጽሕፈት አለ። ሰውነት ሥራውን ሊሠራ በፈለገ ጊዜ ከዚህ ዋና መጽሐፍ የሚያስፈልገውን ክፍል ይገለብጣል፤ ግልባጩም አር ኤን ኤ ይባላል። በግልባጩ ፊደላት ላይ ደግሞ በኋላ የሚጨመሩ ኬሚካዊ ምልክቶች አሉ፤ እስከ ዛሬም ከ150 የሚበልጡ ዓይነቶች ታውቀዋል። ብዙዎቹ ፊደሉን ሌላ ፊደል አያደርጉትም፤ ነገር ግን ግልባጩ እንዲቆይ ወይም ፈጥኖ እንዲጠፋ፥ አብዝቶ ወይም አሳንሶ እንዲነበብ ያደርጋሉ። ከእነርሱም አንዱ አዴኖሲን በምትባለው ፊደል ላይ የሚቀመጠው ሜቲል የሚባለው ጭማሪ ነው፤ ይህም በእንስሳት መልእክተኛ አር ኤን ኤ ውስጥ መኖሩ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1974 ታወቀ። በ2011ም ሰውነት ይህን ምልክት ማኖር ብቻ ሳይሆን፥ ጸሐፊ ብራናውን እንደሚፍቅ፥ መልሶ መፋቅም እንደሚችል ታየ።

ይህ ነገር ለቤተ ክርስቲያን ተማሪ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። የድጓው ንባብ አንድ ሲሆን ከላዩ ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ ድፋት፥ ጭረት፥ ቅናት፥ ሂደትና ቍርጥ ይቀመጥበታል። ምልክቱን ያልተማረ ሰው ቃሉን ማንበብ ይችላል፤ ማዜም ግን አይችልም። በአማርኛችንም «ገና» ብለን የጻፍነው ቃል ላልቶ ቢነበብ ያልደረሰን ጊዜ፥ ጠብቆ ቢነበብ የልደትን በዓል ይናገራል። ፊደሉ ያው ነው፤ አነባበቡ ግን ይለያል።

ይህ ሁሉ ለፓዌ ገበሬ ምን ይረባዋል የሚል ቢኖር፥ የአገሩን ታሪክ ያስታውስ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረኃብ አገራችንን በመታ ጊዜ ከወሎ፥ ከሸዋ፥ ከከምባታና ከሐዲያ ብዙ ሕዝብ ተነሥቶ፥ የጉሙዝ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ወደሚኖርበት ወደ በለስ ሸለቆ ወረደ፤ በቍጥር በሚጠሩ መንደሮችም ሰፈረ። በመጀመሪያ በኢጣሊያ መንግሥት ርዳታ በተቋቋመው በጣና በለስ ፕሮጀክት መሬቱ በትራክተር ይታረስ ነበር፤ ያ ሥራ ከቆመ በኋላ ግን ገበሬው ተስፋውን በበሬው ላይ አደረገ። ሆኖም በለስ የቆላ ዝንብ አገር ነው። ዝንቧ ትሪፓኖሶም የሚባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ከአንዱ ከብት ደም ወደ ሌላው ታሻግራለች። ከብቱም ገንዲ ይይዘዋል፤ ይከሳል፥ ደሙ ያንሳል፥ ጕልበቱ ይደክማል፥ ካልታከመም ብዙ ጊዜ ይሞታል። በእርሻ ወራት በሬው የወደቀበት ሰው ልጆቹን ምን ያበላል?

የከብቱ ሰውነት ተሕዋሱን በላዩ ባለው ልብስ ለይቶ ሊገድለው ይነሣል፤ ተሕዋሱ ግን ልብሱን እየለወጠ ያመልጣል። ለገንዲ እስከ ዛሬ ክትባት ያልተገኘለት አንዱ ታላቅ ምክንያት ይህ ነው። በ2022 በሊዝበን ያሉ ሊቃውንት ትሪፓኖሶም ብሩሲ የተባለውን ወገን መርምረው፥ ያ በ1974 የታወቀው ምልክት በተሕዋሱ የልብስ ግልባጭ ጅራት ላይ ተቀምጦ ግልባጩን ከመጥፋት እንደሚጠብቀው፥ ምልክቱ ሲነሣም ግልባጩ ፈጥኖ እንደሚጠፋ አስረዱ። በበለስ በሬዎችን አብዝተው የሚጥሉት የዚሁ ተሕዋስ የቅርብ ዘመዶች ናቸው።

አንባብያን ሆይ፥ ይህን ልብ እንበል። ያው ምልክት በበሬውም ሰውነት አለ፥ በጠላቱም አለ። እንግዲህ ምልክቱ በጎ ነው ወይስ ክፉ? በራሱ ይህም ያም ሊባል አይችልም። ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን የተባሉት ሊቃውንት በ2005 ዩሪዲን የምትባለውን ፊደል በተሻሻለች ፊደል ቢተኩ፥ ሰውነት ከውጭ የገባውን አር ኤን ኤ እንደ ጠላት መቍጠሩን እንደሚቀንስ አሳዩ። ይህም የኮሮና ክትባትን ለመሥራት መሠረት ሆነ፤ እነርሱም በ2023 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ተሕዋሱ በእንዲህ ያለ ረቂቅ ምልክት በሬን ይገድላል፤ ሐኪም በሌላው ሰውን ያድናል።

አንዳንዶች ፈጣሪ የሰወረውን መግለጥ አይገባም ይላሉ። ነገር ግን የተሰወረ ሁሉ የተከለከለ አይደለም። ውኃም ከምድር በታች የተሰወረ ነው፤ ለተጠማ መንደር ጕድጓድ የቈፈረውን ሰው ግን ደፋር ያለው የለም። ሌሎች ደግሞ ምልክቱ ከተገኘ ምሥጢር የሚባል ነገር ቀረ ይላሉ። እነዚህም ተሳስተዋል፤ የድጓውን ምልክት አንድ በአንድ የቈጠረ ሰው ዘማሪው ስለ ምን እንደሚያለቅስ ገና አላወቀምና።

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ነገር ነው። ተሕዋሱን ለማጥናት አይጦች ሕማሙን እንዲሸከሙ ይደረጋል። እንስሳ መናገር ባይችልም ሕማም ይሰማዋል፤ ስለዚህ መርማሪው ከሚያስፈልገው በላይ ሊያሳምመው አይገባም። ይህም ብቻ አይበቃም። በአይጧ ሕማም የተገኘው ዕውቀት ለመርማሪው ስም ብቻ ከዋለና ወደ በሬውና ወደ ገበሬው ካልተመለሰ፥ ያልተከፈለ ዕዳ ሆኖ ይቀራል። ድፍረትም የምንለው ይህን ነው፤ በምርመራው ጥልቀት የሚመጣ አይደለም፥ ምሕረትን በመርሳት ነው እንጂ።

እንግዲህ ካህናት ሆይ፥ በሬው የታመመበት ምእመን ወደ እናንተ ሲመጣ ገንዲን የቡዳ ወይም የጎረቤት እርግማን ነው እንዳይል አስረዱት፤ ጸልዩለት፥ ወደ እንስሳት ሐኪምም ላኩት። መድኃኒቱንም ከገበያ ገዝቶ በግምት እንዳይሰጥ ንገሩት፤ መጠኑ የጐደለ መድኃኒት ተሕዋሱ እንዲለምደው ያደርጋልና። ልጁ ይህን ረቂቅ ጽሕፈት ልማር ቢል አትከልክሉት። ተምሮ ሲመለስ ግን፦ ልጄ ሆይ፥ ያወቅኸው ለበለስ በሬ ምን አደረገለት? ብላችሁ ጠይቁት።