በሽታውን የደበቀውና ያስደበቀው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። አባባሉ እውነት ነው። ሐኪም ያላየውን ቁስል አያክምም፤ የንስሐ አባትም ያልሰማውን ኃጢአት አይፈታም። ይሁን እንጂ አባባሉ ጥፋቱን ሁሉ የሚጭነው በደባቂው ላይ ነው። ያስደበቀውስ ሰው? እርሱን ማን ይጠይቀው? ዛሬ በዚህች አነስተኛ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ ይህ ነው። ከኤች.አይ.ቪ. ጋር የሚኖር ሰው ጤናውን የሚጠብቅበት መልካም ልማድ ቢኖረው ወይም ቢጎድለው፣ ተመስጋኙም ተወቃሹም እርሱ ብቻ ነውን?

ይህን ጥያቄ ያስነሣብን አንድ ምሽት ነው። ወልድያ ውስጥ በአንድ የጽዋ ማኅበር ላይ ተሰብስበን ነበር። ጸሎት ተደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ሲታደል ከመካከላችን አንዱ ወንድም «ለእኔ ውኃ ይሁንልኝ» አለ። እኛም «የማኅበር ጽዋ አይገፋም!» እያልን ተረባረብንበት። እምቢ ማለት ያልለመደ ትሑት ልጅ ነውና ተቀብሎ ጠጣ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን በኪሱ ያለው ስልክ ጮኸ። ፈጥኖ አጠፋው። «ማን ናት ደግሞ በዚህ ሰዓት የምትፈልግህ?» ብለን ሳቅንበት፤ እርሱም አብሮን ሳቀ።

ከወራት በኋላ ነገሩን ራሱ ገለጸልን፤ ስሙ ሳይጠቀስ ለወጣቶች ትምህርት እንዲሆን ብንጽፈውም ፈቀደልን። ያ የስልክ ጩኸት የመድኃኒቱ ሰዓት ነበር። በዚያ ሰሞን ከዕለት መድኃኒቱ ጋር የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ክኒን ይወስድ ስለነበር፣ ክኒኑና መጠጥ ተባብረው ጉበት ሊጎዱ ስለሚችሉ ጠላ እንኳ እንዳይቀምስ ተነግሮታል። በዚያ ምሽት ግን ጠላውን ጠጣ፤ መድኃኒቱንም ሳይውጥ አደረ። በቀጠሮው ቀን «ያሳለፍከው ቀን አለ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ «አንድ ቀን ረስቼ ነበር» ብሎ መለሰ። ነገር ግን አልረሳም ነበር። ያሳለፈው እኛን ፈርቶ ነው።

ነገሩን በቅጡ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። ቫይረሱ በአገራችን መኖሩ የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሃያ ያህል ዓመታት ስለዚህ ሕመም የሚነገረው ሁሉ ስለ ሞት ነበር። መድኃኒቱ በአገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው እንደ ማንኛችንም ይማራል፣ ይሠራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ይሸመግላል። በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ወርዶ በዚያው ሲቆይም በሩካቤ ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ይህ በልዩ ልዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች የተረጋገጠ ነው።

ሞት ሲርቅ ደግሞ የኑሮ ጥያቄ ይመጣል። ዕድሜው የረዘመ ሰው የደም ግፊት፣ የስኳርና የልብ ሕመም ያሰጋዋል። ስለዚህ የጤና ባለሙያዎች መድኃኒትን በሰዓቱ ውሰዱ፣ የተመጣጠነ ምግብ ተመገቡ፣ ሰውነታችሁን አንቀሳቅሱ፣ በቂ እንቅልፍ ተኙ፣ ከመጠጥ፣ ከጫትና ከሲጋራ ራቁ፣ ጭንቀት አታብዙ፣ ቀጠሮ አክብሩ ይላሉ። ምክሩ ለመስማት ቀላል ነው። ለመሆኑ ምክርን ልማድ የሚያደርገው ምንድን ነው?

ልማድ ማለት ሰው ከራሱ ጋር ሳይከራከር የሚያደርገው ነገር ነው። ጠዋት ከእንቅልፋችን ስንነቃ ለማማተብ ከራሳችን ጋር አንሟገትም፤ እጃችን ራሱ ያውቀዋል። እንዲህ የሆነልን ግን በእኛ ብርታት ብቻ አይደለም። እናታችን እጃችንን ይዛ አስተምራናለች፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ሲያማትብ እያየን አድገናል፤ በቤታችንም ያማተበ ሰው አላፈረም። እንግዲህ ልማድ ሦስት ነገር ይሻል ማለት ነው፤ የሚያስተምር ሰው፣ አብሮ የሚያደርግ ሰው፣ የማያሳፍር ቦታ። በር ዘግቶ፣ መብራት አጥፍቶ፣ ለብቻው ክኒን የሚውጥ ሰው ከእነዚህ ከሦስቱ ስንቱ አለው? ይህን በአራት ከፍለን እንመልከት።

1ኛ/ ዕውቀት። መድኃኒቱን ለምን እንደሚወስድ የገባው ሰው ካልገባው ይልቅ ይጸናል። ነገር ግን ዕውቀት ለብቻው በቂ አይደለም፤ ጫት እንደሚጎዳ የማያውቅ ተማሪ የለም፣ በፈተና ሰሞን ግን የሚሆነውን እናያለን። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ያለ ዕውቀት በእምነት ስም የሚሰጥ ምክር ነው። «ጠበል የሚጠጣ ሰው መድኃኒት ከወሰደ እምነቱ ጎደለ» እየተባለ ስንቱ መድኃኒቱን ጥሏል! ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጋጩ፣ ምእመናን ሁለቱንም አብረው መጠቀም እንደሚገባቸው በይፋ አስተምረዋል። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም እንደነበረ አንዘንጋ።

2ኛ/ ማዕድ። መርሳ ገበያ የወጣ ሰው ማንጎውን፣ ፓፓያውን፣ ቲማቲሙንና ሽንኩርቱን በየመንገዱ ተከምሮ ያያል። የሀብሩ ምድር በረከት አልጎደላትም። ይሁን እንጂ በቀን ሥራ የሚተዳደር ሰው «የተመጣጠነ ምግብ ተመገብ» ሲባል በልቡ «በምን?» ማለቱ አይቀርም። ሦስት ልጆች ያሏት እናት አንድ ዕንቁላል ብታገኝ ለራሷ አትበላውም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ቢገኝ ከበቂ በላይ ነው፤ ግን እርሱም ገንዘብ ይጠይቃል። እንግዲህ የእርሷን አመጋገብ «የልማድ ጉድለት» ብሎ መጥራት ግፍ አይሆንምን?

3ኛ/ ሰዓትና ጾም። መድኃኒቱን ጠዋት የሚወስድ ምእመን ዐቢይ ጾም ሲገባ ይጨነቃል፤ ለመቁረብ ሲያስብም ይጨነቃል። ዛሬ በብዛት የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር ያለበት መድኃኒት ግን በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ነው፤ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል። ስለዚህ ከጤና ባለሙያው ጋር ተመካክሮ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዛወር፣ ከንስሐ አባትም ጋር መነጋገር ይቻላል። ቤተ ክርስቲያናችንም በጾም ሥርዓቷ ለሕሙማን ታዝናለች። የሚከብደው ሥርዓቱ ሳይሆን የእኛ ዓይን ነው። በጾም ወራት ቀን ሲበላ ያየነውን ሰው «ለምን አልጾምክም?» ብለን የምንመረምር እኛ ነን። ጠዋት ጠዋት ለጤናዋ የምትራመደውን ሴትም «ምን ሆና ነው?» የምንል እኛው ነን።

4ኛ/ ምስጢር። ከላይ የዘረዘርናቸውን ሁሉ የሚያሰናክለው ይህ ነው። ከመርሳ ተነሥተው መድኃኒት ለመውሰድ ወልድያ የሚመጡ፣ ከወልድያም ደሴ ድረስ የሚሄዱ አሉ። ይህን ሁሉ የሚደክሙት መድኃኒቱ በከተማቸው ጠፍቶ ሳይሆን በጤና ጣቢያው በር ላይ የሚያውቃቸው ሰው እንዳያያቸው ነው። ለሚኒባስ የሚከፍሉት ገንዘብ ጎመንና ዕንቁላል ይገዛ ነበር፤ የሥራ ቀናቸውም ይባክናል። መንገድ በተዘጋ ጊዜ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ይቋረጣል። ብልቃጡ ሲንኳኳ እንዳይሰማ ክኒኑን አውጥተው በላስቲክ የሚቋጥሩም አሉ፤ እርጥበት ያበላሸዋል። እንዲህ እያለ ሐፍረት ገንዘቡንም፣ ማዕዱንም፣ ሰዓቱንም ይበላል።

ሐፍረቱን የሚዘራው ምንድን ነው? ስለ አንድ ሰው ሕመም ስንሰማ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ከየት አመጣው?» ብለን ነው። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ኃጢአቱ የማን እንደሆነ ጌታን ጠይቀውት ነበር፤ ጌታችን ግን ጥያቄውን አልተቀበለላቸውም፤ ሰውየውን ፈወሰው። በእኛ ዕድሜ ካሉት ወጣቶች መካከል ሲወለዱ ጀምሮ ቫይረሱ በደማቸው ያለ፣ መድኃኒቱንም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የወሰዱ አሉ። ከጎናችን ቆመው አብረውን ይዘምሩ ይሆናል። «ከየት አመጣው?» ባልን ቍጥር እነርሱም ይሰማሉ።

የፈቃድ ብርታት ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ አገራችን በመከራ ተምራለች። ወልድያና አካባቢዋ ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ውስጥ በቆዩበት ጊዜ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ መድኃኒት ጠፍቷል። አንድ ቀን እንኳ አሳልፎ የማያውቅ ጠንቃቃ ሰውም የሌለ ክኒን ሊውጥ አይችልም ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ባቆመ ጊዜም በዚያው እርዳታ ይከፈላቸው የነበሩ በሺህ የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች በአገራችን ከሥራቸው ተሰናብተዋል። የአንድ ሰው የዕለት ልማድ በስንት እጅ ላይ እንደቆመ ከዚህ እንረዳለን።

«እንግዲያስ ሰውየው ራሱ ምንም ኃላፊነት የለበትም ማለት ነውን?» የሚል ይኖር ይሆናል። አይደለም። ሰውን ከኃላፊነት ሁሉ ነጻ ማድረግ ክብሩን መግፈፍ ነው። ያ ወንድማችንም ራሱን አላጸደቀም፤ «ያን ምሽት ወጣ ብዬ መዋጥ እችል ነበር፤ ጥፋት አለብኝ» ብሎናል። ነገር ግን ኃላፊነት እንደ እህል ሲካፈሉት የሚያንስ አይደለም። እርሱ ድርሻውን ስላመነ የእኛ ድርሻ አልቀለለም።

እኛም በበኩላችን ይቅርታ ስንጠይቀው «ወንድማችን፣ ብትነግረን ኖሮ መቼ እናስገድድህ ነበር?» አልነው። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ሳልነግራችሁም ባታስገድዱኝ ይሻል ነበር» አለን።

ወገኖቼ፣ የጽሑፋችን ፍሬ ነገር በዚህች መልስ ውስጥ አለ። እኛ ደግነታችንን በምስጢሩ ልንሸጥለት ነበር፤ ምስጢርህን አውጣና እንራራልሃለን ማለታችን ነበር። ምስጢሩ ግን የእርሱ ነው፤ ሊነግረን የሚፈቅደውም እርሱ ነው። የእኛ ፈንታ፣ ምስጢሩን የያዘም የገለጠም ሰው እኩል ሳያፍር የሚቀመጥበትን ቦታ ማዘጋጀት ነው። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር ሠላሳ ስምንት ዓመት የታመመው መጻጉዕ ለጌታ ያመለከተው የውኃውን መራቅ አልነበረም፤ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነበር። ዛሬም ውኃው ቀርቧል፤ መድኃኒቱም ደርሷል። ሰው የመሆን ፋንታው የእኛ ነው።

በአገራችን በወሎ ቅሬው ክርስቲያን ሙስሊም ሳይል አብሮ ይቀብራል። ለሞተ ሰው ሥራችንን ትተን፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን እንወጣለን። ታዲያ በሕይወት ላለው ስንወጣ የማንታየው ስለ ምን ነው? ከእኛ የሚፈለገው ከባድ ነገር አይደለም። ውኃ የጠየቀን ሰው ውኃ መስጠት፤ ለምን እንደማይጠጣ፣ ለምን እንደማይጾም፣ ስልኩ ለምን እንደሚጮኽ አለመመርመር፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሲገባ ያየነውን ሰው ላላየው ሰው አለማውራት፤ ጎረቤታችን ጓዳዋ ባዶ መሆኑን ስናውቅ ሳናስነግር ማካፈል፤ የታመነብን ምስጢር ቢኖርም እስከ መቃብር መጠበቅ።

በዚያ ማኅበራችን ከዚያ ወዲህ ከጠላው ጎን ብርዝና ውኃ ይቀርባል። የሚያድለው ሰው «የትኛው ይሁንልህ?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል፤ የተጠየቀውም የወደደውን ይወስዳል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ስልክ ይጮኻል። አንዱ ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ ይላል፤ ተመልሶም ቦታው ይቀመጣል። ማንም ቀና ብሎ አያየውም፤ ጨዋታችንም አይቋረጥም።

የሌላውን ሸክም የምንሸከም እንጂ የምንጨምር እንዳንሆን የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።