ሙያ በማን ገላ ይለመዳል?

ከዲላ ወደ ቡሌ፣ ወይም ከይርጋጨፌ አስፋልት ወጥቶ ወደ ቀበሌዎቹ የሚነዳ ሞተረኛ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል። ሰው ያደርሳል፤ መንዳትም ይማራል። የመጀመሪያውን ሥራ ሁላችንም እናያለን፤ ገንዘብም እንከፍልበታለን። ሁለተኛውን ግን ልብ የሚለው የለም። ይህች አጭር ጽሑፍ የምትጠይቀው ስለዚሁ ስለ ሁለተኛው ነው። በድጥና በቁልቁለት መንዳት የግድ መለመድ ያለበት ሙያ ከሆነ፣ ሲለመድ የሚወድቀው ማን ነው? ዋጋውንስ መክፈል የሚገባው ማን ነው?

ጥያቄው የቅንጦት እንዳይመስል አገሩን እናስታውስ። ዲላ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የቡሌ ደጋ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። በመካከሉ ያለው ምድር ተረተርና ሸለቆ ነው። የጌዴኦ ገበሬ በዚህ ዳገት ላይ እንሰቱንና ቡናውን ከዋንዛውና ከብርብራው ሥር አደባልቆ ሲያለማ ኖሯል፤ ይህም መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ለቅርስነት ያበቃው ያው ዳገት ግን ለጎማ አይመችም። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ቀዩ አፈር ሲርስ ሳሙና ይሆናል። ቡናው የሚደርሰው ደግሞ የሁለተኛው ዝናብ ጭቃ ገና ሳይደርቅ ነው። የተለቀመ እሸት ቡና ሳይውል ሳያድር ማጠቢያ ጣቢያ መግባት አለበት፤ ካደረ ይበላሻል። እንግዲህ በዚያ ሰሞን ክፉ መንገድ፣ ከባድ ጭነትና ችኮላ፣ ሦስቱም በአንድ ቀን ይገናኛሉ።

ለመሆኑ ሙያው ራሱ ምንድን ነው? «ዋናው ልብ ነው፤ ደፋር ያልፋል» የሚል ብዙ ነው። በእኛ አስተያየት ይህ ስሕተት ነው። ደፋር ያልፋል፤ እስኪወድቅ ድረስ ያልፋል። ሙያው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ጀማሪ ዐይኑን የሚፈራው ድንጋይ ላይ ይተክላል፤ ሞተርም ዐይን ወዳየበት ይሄዳልና ድንጋዩን ያገኘዋል። የለመደ ሰው ግን ራቅ አድርጎ ማለፊያውን ያያል። ኮረኮንች ላይ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ በእግር መርገጫው ይቆማል፤ ጉልበቱን ያላላል፤ ሞተሩ ከሥሩ እንደ ልቡ ይንገጫገጭ ዘንድ ይተወዋል። ቁልቁለት ላይ በአንደኛ ማርሽ ሞተሩን ራሱን ልጓም ያደርገዋል፤ ፍሪሲዮን ጨብጦ አይለቅቀውም። የፊት ፍሬንንም በድንገት አይዝም፤ ጭቃ ላይ የተቆለፈ የፊት ጎማ መሪ አይሰማምና። ዳገት ሲሆን ጉልበቱን ከሥር ይዞ ይነሣል። መሐል ላይ ቢቸግረው ማርሹ እንደገባ ሞተሩን ያጠፋል፤ የኋላው ጎማ በማርሹ ስለሚያዝ ወደ ኋላ አይንሸራተትም።

ይህ ሁሉ ግን ብቻውን ለሚነዳ ሰው ነው። ከኋላው ሰው ሲቀመጥ ነገሩ ይለወጣል። ዳገት ላይ የኋላው ክብደት የፊት ጎማውን ያቀለዋል፤ የቀለለ ጎማ እንደ ልብ አይመራም፤ አንዳንዴም ብድግ ይላል። ቁልቁለት ላይ ያው ክብደት ወደ ፊት ይገፋል። ነጂው እንደ ለመደው ቆሜ ልንዳ ቢል፣ ተሳፋሪዋ የያዘችው የእርሱን ወገብ ነው። ስለዚህ ብቻውን የሠለጠነ ሰው፣ ሰው ሲጭን ግማሽ ጀማሪ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከእጅ ሙያነት ወደ ግብረ ገብ ጥያቄነት የሚሻገረው።

ተቃራኒውን ወገን እንስማ። «ሳይወድቁ መልመድ የት አለ?» ይላል። እውነት አለው። አርስቶትልም በሥነ ምግባር መጽሐፉ ሰው ግንበኛ የሚሆነው በመገንባት፣ በገና ደርዳሪም የሚሆነው በመደርደር ነው ብሎ ነበር። ይሁን እንጂ ያው ፈላስፋ ወዲያው አንድ ነገር አክሏል፤ መጥፎ ግንበኛም የሚወጣው ከዚያው ከመገንባት ነው። መደጋገም ብቻውን ሙያ አያወጣም። ዐሥር ዓመት በችኮላ የነዳ፣ ችኮላን ነው ዐሥር ዓመት የተማረው። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለቄስና ለደብተራ ብቻ አይመስለንም።

ደግሞስ የወደቀው ሁሉ እኩል ወደቀ እንዴ? በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ የራስ ቁር አደጋ ለደረሰበት ሞተረኛ የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እንግዲህ አንድ ሞተር ላይ ሁለት ሰው፣ የራስ ቁሩ ግን አንድ ሲሆን፣ ማን ራስ ላይ ይደረጋል? ነጂው ራስ ላይ። መንገዱን የመረጠው፣ ፍጥነቱን የመረጠው፣ ፍሬኑም በእጁ ያለው እርሱ ነው። ምንም ያልመረጠችው እናት በነጠላዋ ብቻ ትቀመጣለች። ነጂው ለመማር የሚወድቀውን መውደቅ ከእርሱ ይልቅ እርሷ ትወድቅለታለች። ይህን ማየት ፍልስፍና አይጠይቅም፤ ዐይን ይበቃዋል።

ሁለተኛው ክርክር ከዚህ የከበደ ነው። «ምጥ የያዛት ሴት ከሸለቆው ማዶ አለች፤ አምቡላንስ እዚያ አይደርስም። ያን ጊዜም ቀስ በል ትላላችሁ?» ይሉናል። ጥያቄው ጭንቅ ነው፤ ሸሽተነው አንሄድም። መልሳችን ግን ይህ ነው፤ በምጥ ቀን ሙያ አይለመድም። በምጥ ቀን ቀድሞ የተለመደው ይመነዘራል እንጂ። ያን ዳገት ባዶ ሞተር ይዞ ዐሥር ጊዜ ያልወጣ ሰው፣ በዚያች ሌሊት የሴቲቱንና የጽንሱን ሕይወት መለማመጃ ያደርጋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ቀድሞ ሕመምተኛ በቃሬዛ ነበር የሚወጣው፤ መኪና በማይገባበት ዛሬም ቃሬዛው አልቀረም። ቃሬዛ ቀርፋፋ ነው፤ በርሱም ላይ ብዙ ሰው መንገድ ላይ አልቋልና ናፍቆት አይገባንም። ነገር ግን በቃሬዛ ሥር ብዙ ትከሻ አለ። አንዱ እግሩ ቢከዳው ሌሎቹ ይይዙታል፤ የደከመው ይተካል፤ ከኋላ ያለው «ቀስ!» ሲል ከፊት ያለው ይሰማል። ሞተር ይህን ሁሉ ትከሻ ሰብስቦ በአንድ ወጣት የእጅ አንጓ ላይ አኖረው። ፍጥነት አገኘን፤ «ቀስ!» የሚለው ድምፅ ግን ጠፋ። ተሳፋሪዋ «ልጄ፣ ቀስ በል» ብትል በሞተሩ ጩኸት ይዋጣል፤ ቢሰማም «አይዞሽ እናቴ» ተብሎ ይታለፋል።

በእኛ እምነት የመንዳት ሙያ የመጨረሻው ደረጃ ይህን ድምፅ መልሶ ማምጣት ነው። ድጡ አፋፍ ላይ ሲደርስ ሞተሩን አቁሞ፣ በእግሩ ወርዶ ቦዩንና ድንጋዩን አይቶ፣ «እናቴ፣ እዚህ ላይ ይውረዱ፤ ከማዶ እቀበልዎታለሁ» የሚል ነጂ ከሁሉ የበለጠ ባለሙያ ነው። ከዚህ ቃል በፊት የሚጠበቅበት ብዙ ነው፤ ጎማው የሚይዝበትንና የማይዝበትን መለየት፣ የራሱን ልክ ማወቅ፣ የተመልካችን ሣቅ መቻል። የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል። ዳር ቆሞ «ፈራ! አልቻለም!» የሚል ጎረምሳ አይጠፋምና። እንዲህ የሚለው ሰው ከድጡ ወደ ማጡ የሚገፋውን እጅ ይዘረጋል፤ ሕመሙን ግን አይካፈልም።

ይህን ስንል ፍርዱን ሁሉ በነጂው ላይ ለመጫን አይደለም። ብዙው ነጂ ሞተሩ የራሱ አይደለም፤ ማታ ለባለቤቱ የሚያስገባው የቀን ገቢ አለበት። ባዶ ሞተር ይዞ ዳገት ሲለማመድ የሚያቃጥለው ቤንዚን ከልጆቹ ምሳ ላይ ይቀነሳል። ታዲያ እርሱን «ለምን በተሳፋሪ ትለማመዳለህ?» ብሎ መውቀስ ብቻ ግማሽ ፍትሕ ነው። ከሙያው የሚጠቀም ሁሉ የመማሪያውን ዋጋ ይካፈል። ባለንብረቱ የልምምድ ቀንና ሁለተኛ የራስ ቁር ይስጥ። ማኅበሩ አዲሱን ልጅ ነባሩ ሳያየው ተሳፋሪ አያስጭነው። ተሳፋሪውም ሲያስወርዱት አያኩርፍ፤ ሂሳብም አይቀንስ።

ነገሩ በሞተር አያበቃም። በዚህ ግቢ የምንማረው ሁላችን ነገ አንድ ሰው ከኋላችን ይቀመጣል። መምህር የሚሆነው በሕፃናት ራስ፣ ሐኪም የሚሆነው በታማሚ ገላ፣ ዳኛ የሚሆነው በድኻ ጉዳይ ላይ እጁን ያፍታታል። ያለዚያ መማር አይቻልም፤ ይህን እንቀበላለን። ግን በሌላው ገላ የሚማር ሰው ሦስት ዕዳ አለበት። በራሱ ብቻ መልመድ የሚችለውን ሁሉ አስቀድሞ ይልመድ። የራስ ቁሩን ለማን እንደሚያደርግ ያስብ። ማለፍ የማይችልበት ስፍራ ሲደርስም፣ እየሣቁበትም ቢሆን፣ «እዚህ ላይ ይውረዱ» ይበል።

ከዲላ ወደ ቡሌ የሚወጣው ልጅ ይህን በጭቃ እየተማረው ነው። እኛስ በምን እየተማርነው ነው?